በባሮ ላይ በሚጓዝ የሞተር ጀልባ ውስጥ ባትሪ እንዴት ይታሰራል?

የባሮ ወንዝ በሀገራችን ለመርከብ ጉዞ አመቺ የሆነ ወንዝ መሆኑን በጂኦግራፊ ትምህርት ያልሰማ ተማሪ አይኖርም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች ወንዙ በሚሞላበት ክረምት እየመጡ ቡና ይጭኑ ነበር። ዛሬ በወንዙ ላይ የሚታዩት ከእንጨት የተፈለፈሉ ታንኳዎችና አነስተኛ የሞተር ጀልባዎች ናቸው። ሞተሩ በቁልፍ የሚነሣ ጀልባ ደግሞ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይዞ ይጓዛል።

«ባትሪው ከባድ ስለሆነ የትም አይሄድም» ብሎ ወለሉ ላይ እንዲሁ ማስቀመጥ የኒውተንን ሕግ መዘንጋት ነው። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር (በሴኮንድ 7 ሜትር ያህል) የሚጓዝ ጀልባ በበጋ ብቅ ከሚል የአሸዋ ክምር ጋር ተጋጭቶ በ0.2 ሴኮንድ ውስጥ ቆመ እንበል። 20 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ባትሪ ከጀልባው ጋር ለማቆም 700 ኒውተን፣ ማለትም የአንድ ሰው ክብደት የሚያህል ኃይል ያስፈልጋል። ይህን ኃይል የሚሰጠው ማሰሪያው ነው፤ ማሰሪያ ከሌለ ባትሪው ወደፊት ይወረወራል። ስለዚህ አሲድ በማይበላው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ሣጥኑ ከጀልባው አጥንት ጋር በብሎን ተይዞ፣ ከላይ በማይለጠጥ ቀበቶ መታሰር አለበት። የጎማ ካላማዳሪያ ለዚህ አይሆንም፤ ይለጠጣልና። በእጅ ሲነቀነቅ ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም።

የተገለበጠ ባትሪ ሰልፈሪክ አሲድ ያፈሳል። ከዚያ የከፋው ግን ብረት ሁለቱን ፖሎች ሲያገናኝ የሚፈጠረው ሾርት ነው። የባትሪው የውስጥ ተቃውሞ 0.01 ኦም ቢሆን፣ በኦም ሕግ መሠረት 1,200 አምፒር ሊፈስ ይችላል፤ ይህም መፍቻን አግሎ የሚያቀልጥ ነው። በመሆኑም ፖዘቲቩ ፖል በላስቲክ ይሸፈናል፤ ወደ መብራትና ወደ ውሃ መሳቢያ ፓምፕ የሚሄደው ሽቦም ከባትሪው አንድ ስንዝር ባልበለጠ ርቀት ላይ ፊውዝ ይደረግለታል።

አሁን ወደ ጋዞቹ እንለፍ። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ሃይድሮጅን ከአየር 14 ጊዜ ያህል ይቀላል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ይወጣል። በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ብልጭታ ያፈነዳዋል። የቤንዚን ትነት በአንጻሩ ከአየር 3 እና 4 ጊዜ ስለሚከብድ ወደ ጀልባው ወለል ይወርዳል። እንግዲህ የባትሪው ሣጥን መተንፈሻ በላዩ በኩል መሆን ሲገባው፣ ባትሪውና የቤንዚን ጀሪካኑ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ፈጽሞ መቀመጥ የለባቸውም።

የጋምቤላ ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በባትሪው ውስጥ የሚካሄደው ኬሚካዊ አድራጎት በእጥፍ ገደማ ስለሚፈጥን ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል፤ ውሃውም ቶሎ ይጎድላል። ጥላ ያስፈልገዋል። የጎደለው የሚሞላው በተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። የባሮ ውሃ ምንም ያህል የጠራ ቢመስል በውስጡ የሟሙ ማዕድናት ሰሌዳዎቹን ይጎዳሉ።

ባትሪው ሲፈታ አስቀድሞ የሚነቀለው ኔጋቲቩ ሽቦ ነው፤ ሲታሰር ግን መጨረሻ ላይ ይገባል። የሞተሩ ብረት ከኔጋቲቩ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በተቃራኒው ቅደም ተከተል የሠራ ሰው መፍቻው ሞተሩን ከነካበት የተባለው 1,200 አምፒር በእጁ ባለው ብረት በኩል ያልፋል።