ቀይ አፈርና ባዶ እግር

በወላይታ፣ በጎጃምና በሌሎችም ወይና ደጋ አካባቢዎች ገበሬው የሚያርሰው ቀይ አፈር ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ነው። ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የዝሆኔ ዓይነት ሊያመጣ ይችላል። ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት በሽታውን ከአፈሩ ጋር አያይዘውታል። መጀመሪያ እግር ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ማታ ያበጠው ጠዋት ይጎድላል። ኋላ እብጠቱ ይጸናል፣ ቆዳው ወፍሮ ይሻክራል።

በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ቢኖርም በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁንና ብዙዎች “እርግማን ነው”፣ “ይጋባል” እያሉ ይሸሻሉ። ታማሚው ተማሪ አጠገቡ የሚቀመጥ ያጣል፤ ለትዳር የሚፈልገውም ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ትምህርታቸውን የሚያቋርጡ አሉ። መገለሉ ከእብጠቱ ባልተናነሰ ይጎዳል።

መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት፣ ለጫማ የሚተርፍ ገንዘብ በሌለበት ቤት ግን ይህም ቀላል አይደለም። በሽታው የጀመረው ሰውም እግሩን በየቀኑ አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ፣ በፋሻ ጠቅልሎና ጫማ አድርጎ ወደ እርሻውም ሆነ ወደ ክፍሉ መመለስ ይችላል።