ስም ሲሻገር ትርጉሙ ይለወጣል

ፊደል ቆጥረን መጻፍ ስንጀምር ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የጻፍነው የገዛ ስማችንን ነው። ቀጥለን የአባታችንን፣ ከዚያም የአያታችንን ስም እንጽፋለን። ለመሆኑ ይህ አጻጻፍ በሌላ አገር እንዴት ይነበባል?

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከሃያ ሁለት ወደ መገናኛ የሚወስደው ጎዳና በሯጩ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም ይጠራል። እኛ ሰውየውን «ኃይሌ» እንለዋለን። የውጭ አገር ጋዜጦች ግን «ገብረ ሥላሴ» ይሉታል። ልጁ ሮጠ፤ አባቱ ተጠሩ! ከእሱ በፊት አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍም የውጭ ሰዎች «ቢቂላ» አሉት። ቢቂላ አባቱ ናቸው።

ይህ ለምን ሆነ? በብዙ አገር የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው። ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይተላለፋል። በእኛ ዘንድ ግን በየትውልዱ ይለወጣል።

አበበ የሮጠባት ሮማ በጥንት ዘመን የቤተሰብ ስም ይወረስባት ነበር። «ሲሴሮ» የሚለው ስም ከሽምብራ የመጣ ነው። «አግሪኮላ» ማለት ገበሬ ማለት ነው። ውሎ አድሮ ስሙ ትርጉሙን ሳይከተል ይወረስ ጀመር። ሲሴሮ የተባለው ዝነኛ ሰው ንግግር አዋቂ እንጂ ሽምብራ ዘሪ አልነበረም። አግሪኮላ የተባለውም የጦር አዛዥ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ግን «ቄሣር» ነው። ቄሣር መጀመሪያ የአንድ ቤተሰብ ስም ነበር። ከዚያ ቤት የተወለደው ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ተገደለ። ከእሱ በኋላ የነገሡት ስሙን ያዙ። ስሙም ማዕረግ ሆነ። የጀርመን «ካይዘር» እና የሩሲያ «ዛር» የመጡት ከዚሁ ስም ነው። እኛም «ቄሣር» ስንል ንጉሥ ማለታችን ነው።

የእኛም ስም እንዲሁ ነው። ልጃችን ለሥራ ከቦሌ አውሮፕላን ተሳፍሮ ውጭ አገር ሲደርስ፣ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቀዋል። አንዱ ወረቀት ላይ የአባቱ፣ ሌላው ላይ የአያቱ ስም ቢገባ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይመስላል። የተላከ ገንዘብ መቀበል እንኳ ያስቸግራል። «ገብረ ሥላሴ» የመሰለ አንድ ስምም ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ሊቀር ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ስም ከመነሻው ይስተካከል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። እናስመዝግብ። የልደት ወረቀቱን ኪሳችን ከመክተታችን በፊት የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ፊደል በፊደል እናንብብ። «ኃይሌ» እና «ኃይሉ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው። ስሕተት ካለ እዚያው እንዲታረም እንጠይቅ። በኋላ መታወቂያም ሆነ ፓስፖርት ስናወጣ ያንኑ አጻጻፍ እንከተል።

ትናንት ስማችንን ሌላ ሰው ጽፎልን በጣታችን እንፈርም ነበር። ዛሬ የተጻፈውን ራሳችን ማረጋገጥ እንችላለን።