ለአረጋዊ ወላጅ የአደጋ ጥሪ ቁልፍ ሲመረጥ

የአደጋ ጥሪ ቁልፍ በአንገት የሚንጠለጠል ወይም እንደ ሰዓት በእጅ የሚታሰር ትንሽ መሣሪያ ነው። ሲጫኑት ቤት ውስጥ ከተቀመጠው ዋና መሣሪያ ጋር በሬዲዮ ሞገድ ይገናኛል፤ ዋናው መሣሪያ ደግሞ ቀንም ሌሊትም ሰው ወደማይጠፋበት የጥሪ ማዕከል ይደውላል። የማዕከሉ ሠራተኛ በድምፅ ማጉያው ችግሩን ይጠይቅና እንደ ነገሩ ክብደት ለልጅ፣ ለጎረቤት ወይም ለአምቡላንስ ይደውላል። አሠራሩ አዲስ አይደለም። በጀርመን ቪልሄልም ሆርማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሠርቶታል፤ በአሜሪካ ደግሞ የሥነ ልቦና ምሁሩ አንድሩ ዲብነር በ1974 ላይፍላይን የተባለውን ድርጅት መሥርቶ ለገበያ አብቅቶታል።

ቁልፉ የተፈለገበት ዋናው ምክንያት መውደቅ ነው። በአሜሪካ 65 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች መካከል ከአራቱ ከአንድ የሚበልጡት በየዓመቱ ይወድቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚፈራው ስብራቱ ነው፤ ነገር ግን ወድቆ መነሣት ያቃተው ሰው ወለል ላይ የሚቆይበት ሰዓት ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ፈሳሽ ያንሰዋል፣ የተኙበት ጎን ቆዳ ይቆስላል፤ ሰዓቱ ሲረዝም ደግሞ በሰውነት ክብደት የተጨፈለቀው ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ንጥረ ነገር ኩላሊትን ይጎዳል። አጥንቱ ሳይነካ በዚህ ብቻ ሆስፒታል የሚገባ አለ። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ወደ ሚኒሶታ ሄደው በዚያው የቀሩ እናትና አባት ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። ልጅ ወደ ሥራ፣ የልጅ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ቤቱ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻቸውን ናቸው፤ «እንዴት አደራችሁ» ብሎ ጎራ የሚል ጎረቤትም እንደ አገር ቤት አይገኝም።

ገበያው በመሣሪያ ስለተጥለቀለቀ ቤተሰብ ምርጫውን የሚጀምረው ከዋጋውና ከቴክኖሎጂው ነው። መጀመር የሚገባው ግን መሣሪያውን ከሚይዘው ሰው ነው። በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ከ90 ዓመት በላይ በሆናቸው ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2008 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የጥሪ መሣሪያ እያላቸው ብቻቸውን ሳሉ ከወደቁት መካከል ከአምስቱ አራቱ ያህል አልተጠቀሙበትም። አንዱ ቁልፉን ኮመዲኖ ላይ ትቶት ይነሣል፤ ሌላው ራሴ እነሣለሁ ብሎ ሲታገል ያመሻል። «ልጆቼን ከሥራ አላስጠራም» ብለው ጣታቸውን የሚሰበስቡ እናቶችም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ መሣሪያውን ገዝቶ ከማምጣት በፊት ከወላጁ ጋር መማከር ያስፈልጋል። ማተብ የለመደ አንገት ተጨማሪ ገመድ ላያስቸግረው ይችላል፤ «የበሽተኛ ምልክት ነው» ብለው ለሚያፍሩ ግን ሰዓት የሚመስለው ይሻላል። የአንገቱ ገመድ አንድ ነገር ቢይዘው በቀላሉ የሚለቅ ዓይነት መሆን አለበት።

መታጠቢያ ቤት እርጥብና የሚያንሸራትት ስለሆነ ቁልፉ ውሃ የማያስገባና ገላ ሲታጠቡም የማይወልቅ ሊሆን ይገባል። የመርሳት ችግር የጠናባቸውን ሰዎች በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ቁልፉ ምን እንደሆነ የማያስታውስ ሰው በጭንቅ ጊዜ አይጫነውም፤ እንዲህ ላለው የሚበጀው አጠገቡ የሚውል ሰው ነው፤ መሣሪያው ቢጨመር እንኳ የሰውን ቦታ አይተካም።

መሣሪያዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ከቤት የማይወጣው ሲሆን ቁልፉ የሚሠራው ከዋናው መሣሪያ በተወሰነ ርቀት ውስጥ ነው፤ ከቤት እምብዛም ለማይወጣ ሰው ይበቃል። ሁለተኛው የራሱ ሲም ካርድና ጂፒኤስ ያለው ተንቀሳቃሽ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ፣ ገበያም ሆነ መናፈሻ ይከተላል፤ ቻርጅ ካልተደረገ ግን ጌጥ ሆኖ ይቀራል። በመስመር ስልክ የሚሠሩት የድሮዎቹ እየቀሩ ነው። በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራውም ቢሆን ትውልዱ ይታያል፦ በ2022 ትልልቆቹ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች የሦስተኛውን ትውልድ ኔትወርክ ሲዘጉ በዚያ ላይ የተመሠረቱ የቆዩ መሣሪያዎች መደወል አቁመዋል። ከዘመድ የተረፈ አሮጌ መሣሪያ ከመቀበል በፊት ይህን ማጣራት ይገባል። አፕል ከ2018 ጀምሮ በሰዓቶቹ ላይ መውደቅን የሚለይ አገልግሎት ጨምሯል፤ ባለቤቱ ወድቆ ካልተንቀሳቀሰ ሰዓቱ ራሱ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥር ይደውላል። ነገር ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል ቻርጅ ይፈልጋል፤ ስልክ መነካካት ላልለመደ አረጋዊም ይከብዳል።

መውደቅን በራሱ የሚለየው ክፍል የሰውነትን ድንገተኛ እንቅስቃሴ እየለካ የሚገምት ነው፤ ግምት ደግሞ ይስታል። ከወንበር ቀስ ብሎ ተንሸራቶ የወረደን ሰው ላያውቅ ይችላል። በተቃራኒው ደህናውን ሰው «ወድቀሃል» የሚልበት ጊዜ አለ፤ በእጅ የሚታሰረውን ቡና መውቀጥ፣ በአንገት የሚንጠለጠለውን ስግደት ሊያደናግረው ይችላል። አገልግሎቱ ጥሩ ተጨማሪ ነው፤ ራሱን ስቶ ለሚወድቅ ሰውም አስፈላጊ ነው። ቁልፉን መጫንን ግን አያስቀርም።

የማስታወቂያ ወረቀቶች ብዙም የማያነሡት፣ ለሐበሻ ቤተሰብ ግን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ «ማን ያነሣዋል?» የሚለው ነው። በጭንቅ ሰዓት ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው እንግሊዝኛ ከሆነ፣ ቋንቋውን የማያውቁ እናት ቁልፉን ሁለተኛ ለመጫን ይፈራሉ። አንዳንድ ማዕከላት አስተርጓሚ በስልክ ያስገባሉ፤ አማርኛ መኖሩን፣ አስተርጓሚው እስኪገኝ ምን ያህል እንደሚቆይና ሌሊትም እንደሚሠራ ውል ሳይፈረም መጠየቅ፣ ከተቻለም በሙከራ ጥሪ ማረጋገጥ ይጠቅማል። ይህ ካልሆነ ማዕከሉ አስቀድሞ ወደ አማርኛ ተናጋሪ የቤተሰብ አባል እንዲደውልና መልስ ካጣ አምቡላንስ እንዲልክ በመዝገቡ ላይ ማስጻፍ ይቻላል። መዝገቡ ላይ ሕመሙና መድኃኒቱም ይግባ፤ በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ ቁስል ባይታይበትም ሐኪም በቶሎ ሊያየው ይገባል። የተጠሪዎቹ ቅደም ተከተል በዝምድና ሳይሆን በቅርበት ይሁን፤ አንድ ሰዓት ርቆ ከሚሠራ የበኩር ልጅ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ቀድሞ ይደርሳል። በሩ ከውስጥ ከተቆለፈ አምቡላንሱ ሰብሮ ከመግባት ሌላ ምርጫ ላይኖረው ስለሚችል፣ የበር ቁልፍ በሚስጥር ቁጥር በሚከፈት ትንሽ ሣጥን ውጭ ይቀመጣል፤ ቁጥሩን ማዕከሉ ይይዛል።

የጥሪ ቁልፉ በየወሩ አንድ ጊዜ መሞከር አለበት፤ ከሳሎን ብቻ ሳይሆን ከመታጠቢያ ቤትና ከምድር ቤትም።

በአሜሪካ አገልግሎቱ አብዛኛውን ጊዜ በወር ከ20 እስከ 50 ዶላር ያስከፍላል፤ መውደቅን የሚለየው ክፍል ወደ 10 ዶላር ይጨምራል። የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን የሆነው መደበኛው ሜዲኬር አይከፍልም፤ በብዙ ስቴቶች ግን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የቆመው ሜዲኬድ በቤት ውስጥ እንክብካቤ ፕሮግራሞቹ ይሸፍናል። በጀርመን የእንክብካቤ ደረጃ የተሰጠው ሰው ከእንክብካቤ መድኑ በወር 25.50 ዩሮ ሊያገኝ ይችላል። በእስራኤል በብሔራዊ መድን ተቋሙ በቢቱዋሕ ለኡሚ የአረጋውያን እንክብካቤ መብት ውስጥ ቁልፉ ይካተታል፤ በስዊድን ደግሞ የሚያቀርበው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ውሉ በየወሩ የሚቋረጥ መሆኑንና ባለቤቱ ቢያርፍ ክፍያው እንዴት እንደሚቆም አንብቦ መፈረም ይገባል። «ነፃ ቁልፍ ተከፍሎልዎታል» የሚል የስልክ ጥሪ ከመጣ መዝጋት ነው፤ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዚህ መንገድ አረጋውያንን ያጭበረበሩ ሰዎችን ፍርድ ቤት አቁሟል።

በኢትዮጵያ ክትትል የሚያደርግ የጥሪ ማዕከል የተለመደ ስላልሆነ ውጭ አገር ያለ ልጅ ለወላጁ የሚልከው ሌላ ዓይነት ነው፦ ሲም ካርድ የሚገባበትና ሲጫኑት የተመዘገቡ ቁጥሮችን በተራ የሚደውል መሣሪያ፣ ወይም ከጀርባው የአደጋ ቁልፍ ያለው ቀላል ስልክ። ከመላኩ በፊት በኢትዮጵያ ኔትወርክ እንደሚሠራ ይጣራል። የመጀመሪያው ቁጥር የላኪው መሆን የለበትም። በግቢው ያለች የቤት ሠራተኛ ወይም አጥር የሚጋራው ጎረቤት ይቅደም፤ እነሱ ደርሰው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውላሉ። ልጁ በዝርዝሩ መጨረሻ ይግባ። የሲም ካርዱ ሒሳብ እንዳያልቅና መብራት ሲጠፋ ባትሪው እንዳይሞት የሚከታተል አንድ ሰው አገር ቤት መወከል አለበት፤ ሒሳቡን ግን ልጁ ካለበት አገር ሆኖ መሙላት ይችላል።