ሸክሙን ውሰዱላት፣ ወንበሩን ተዉላት

ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። የተቃጠለ መስመር ፈልጎ ማግኘት አይከብደኝም፤ ታላቅ እኅቴን ፊት ለፊት ማመስገን ግን እስከ ዛሬ ያቅተኛል። «እታለም፣ እኔ እኮ ባንቺ ነው ሰው የሆንኩት» ብዬ ስጀምር «ኧረ ወዲያ! ባንተና በእኔ መሀል ደግሞ ምስጋና ተጀመረ?» ብላኝ ወደ ጓዳ ትገባለች። እንዲህ ያለ ታላቅ ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ለእነሱ ቢጠቅም ብዬ እኛ ቤት የሆነውን እነግራችኋለሁ።

እናታችን ቀድመው፣ አባታችን ደግሞ በ1994 ዓ.ም. ሲያርፉ አራት ልጆች ቀረን። እታለም አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። ከእሷ በታች ወንድሜ፣ እኔና ትንሿ እኅታችን አለን። የአባታችን ተዝካር እንደወጣ ዘመድ ተሰብስቦ ልጆቹን ለመከፋፈል ተመካከረ። አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ አዳማ፣ ትንሿ እዚሁ ጉለሌ አክስቷ ቤት። ማንም ክፉ አላሰበም፤ በዚያ ኑሮ ሦስት ልጅ ባንድ ጊዜ የሚችል ቤት አልነበረም። እታለም ቡና እየቀዳች ስታዳምጥ ቆይታ «ከዚህ ቤት ማንም አይወጣም» አለች። ጉባኤው በዚህ ተበተነ።

ሕጉም ከእሷ ጋር ነበር። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወላጆች ሲሞቱና በኑዛዜ የተሰየመ ሞግዚት ከሌለ ኃላፊነቱ በመጀመሪያ ለአያቶች፣ እነሱ ከሌሉ ዕድሜያቸው ለደረሰ እኅትና ወንድም ይሰጣል፤ አጎትና አክስት የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አያቶቻችን በሕይወት አልነበሩም። ስለዚህ የትምህርት ቤት ደንብ ልብሷን እንደለበሰች ፍርድ ቤት ቀርባ የሞግዚትነት ወረቀቷን አወጣች። አባታችን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ስለነበሩ ጡረታቸው ለልጆቻቸው ይከፈላል፤ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ላልሞላው ነው። እሷ ደግሞ አልፏታል። በየወሩ ተሰልፋ ትፈርማለች፣ ብሩን ትቀበላለች፤ ከዚያ ውስጥ በስሟ የሚቆጠር አምስት ሳንቲም አልነበረም።

የጡረታው ብር አስቤዛ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ትምህርቷን ትታ እንጀራ መሸጥ ጀመረች። መጀመሪያ ለጎረቤት፣ ቀጥሎ ለሱቅ፣ በኋላ ለምግብ ቤት። የእንጀራ ሥራ የሚያልቅበት ሰዓት የለውም። ዛሬ የሚጋገረው ሊጥ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት የተቦካ ነው፤ እሱ ሳያልቅ የከነገ ወዲያው መቦካት አለበት። አብሲቱ ከቀጠነ ወይም ከወፈረ ዓይኑ ይጠፋል፤ ዓይን የሌለውን እንጀራ ደግሞ ባለ ምግብ ቤቱ ይመልሰዋል። አንዱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ መቶ እንጀራ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው። እኛ ለትምህርት ቤት ስንነሣ እሷ ምጣዱን አጥፍታ፣ የመጨረሻውን እንጀራ በሰፌድ ታወጣለች። ምሳችንን የምትቋጥርልን ያን ጊዜ ነው።

ሙያዬን ያገኘሁት ከዚያ ምጣድ ሥር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከላይ ሸክላ ይሁን እንጂ ከሥሩ በተቦረቦረው ቦይ ውስጥ የሚግል ሽቦ ተጠምጥሞ በጀሶ ይሸፈናል። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ በ220 ቮልት ከ13 አምፔር በላይ ይፈልጋል ማለት ነው፤ በቀጭን ሽቦ የተሠራ የድሮ ቤት መስመር ይህን ሌሊቱን ሙሉ አይችልም። ሶኬታችን ይቀልጥ፣ ፊውዛችን ይበጠስ ነበር። ሽቦው በተቃጠለ ቁጥር ሠሪ ይጠራል፤ እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ አያለሁ። አንድ ቀን እታለም «ይህ ልጅ ዓይኑ ምጣዱ ላይ ነው» አለች። አሥረኛ ክፍል ስጨርስ በ10+3 ኤሌክትሪክ እንድማር የመዘገበችኝ እሷ ናት፤ የመጀመሪያዋን ፒንሳና ቴስተሬንም ገዝታልኛለች። ወንድሜ ዛሬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ትንሿ ነርስ ሆናለች። ሦስታችንም ከአንድ ሊጥ የወጣን ነን።

ታላቅ መንገዱን ይከፍታል፤ ብዙ ጊዜ ታናሽ በዚያው መንገድ ይቀድመዋል። በአትሌቲክሳችንም ይህንን አይተናል። ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነቷ ከበቆጂ አዲስ አበባ ስትመጣ ያረፈችው ቀድማ ሯጭ ከሆነችው ታላቅ እኅቷ ከእጅጋየሁ ዘንድ ነው። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሎምፒክ እጅጋየሁ በ10 ሺህ ሜትር ብር፣ ጥሩነሽ በ5 ሺህ ነሐስ አገኙ። በዓመቱ በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና ጥሩነሽ በሁለቱም ርቀት ወርቁን ስትወስድ እጅጋየሁ በሁለቱም ነሐስ ይዛ ከጎኗ ቆመች። በኋላ ታናሻቸው ገንዘቤ መጣችና በ2007 ዓ.ም. የ1500 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ሕዝቡ በብዛት የሚያነሣው የሁለቱን ታናናሾች ስም ነው። እኔ ግን የእኅትማማቾቹን የሄልሲንኪ ፎቶ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ታላቋ ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ምስጋናን ሳንሞክር ቀርተን አይደለም። በሠርጌ ቀን በሰው ፊት ጋቢ አለበስናት፤ ጉልበቷን ሳምን፤ እልል ተባለ። በሳምንቱ ጋቢው ብርድ የሚበዛባቸው ጎረቤታችን እማማ ትከሻ ላይ ተገኘ። ለፋሲካ በግ ይዘን እንሄዳለን። እኛ አርደን፣ ገፍፈን እንቀመጣለን፤ ቀይ ወጡን ስትሠራ፣ ሆድ ዕቃውን ስታጥብ የምታመሸው እሷ ናት። ይህንን ያየችው ባለቤቴ ናት። «ስጦታችሁ ሁሉ ለእሷ ሥራ ነው የሚጨምረው» አለችኝ።

ነገሩ የገባን ያኔ ነው። ታላቅ የሆነ ሰው ሥራው በታናናሾቹ ምረቃና ሠርግ አያበቃም። የታመመ ሲኖር የሚደወለው ለእሷ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ የቤት ኪራይ ሲጎድል፣ ገጠር ልቅሶ ሲደርስ፣ ሁሉም እሷ ጋ ነው። የቤተሰብ ሕጉ በእኅትና በወንድም መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ ይጥላል፤ ራሱን መቻል ያቃተውን ወንድም ወይም እኅት መርዳት ችሮታ ብቻ አይደለም ማለት ነው። በሌላ በኩል የጡረታ ሕጉ ተተኪ የሚላቸው የትዳር ጓደኛን፣ ልጅንና ወላጅን ነው፤ ያሳደገች እኅት ከዝርዝሩ የለችም። የእኔ ጡረታ አይደርሳትም። እንጀራ ጋጋሪ የራሷ ጡረታ የላትም። ሃያ ዓመት የተሸከመችን ሴት እርጅናዋን ማን እንደሚሸከም የተጻፈበት ወረቀት ከሌለ፣ የምንጽፈው እኛ ነን።

ጻፍነው። ሦስታችን ተገናኝተን የእሷን ሸክም አንድ በአንድ በደብተር አሰፈርን፤ ከጎኑም የተረካቢውን ስም። የጤናዋ ነገር ለነርሷ ሆነ፤ የደም ግፊት ክትትሏን ትይዛለች፣ መደበኛ ያልሆነ ሥራ ላላቸው ቤተሰቦች የተዘጋጀውን የማኅበረሰብ ጤና መድኅን መዋጮም በየዓመቱ ሳታስታውሳት ትከፍላለች። ወንድሜ ጤፉን ከአምራቹ አገር ጭኖ ያመጣል፣ ያስፈጫል። እኔ መስመሩን በወፍራም ሽቦ ለውጬ ለሁለት ምጣድ የሚሆን አደረግሁ፤ የምታግዛትን ልጅ ደመወዝም እችላለሁ። አሁን እታለም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አትነሣም። የበዓል ድግስ በተራ ነው፤ ባለተራው አብስሎ እሷን ይጠራል። ዘመድም ሲቸግረው በቅድሚያ ለእኛ እንዲደውል ነገርነው።

ታላቅ ላላችሁ የምመክረው ይህንኑ ነው። «ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ጋ አይደርስም፤ የሆነውን ነገር ጠቅሳችሁ ንገሯት። እኔ «ያቺን ፒንሳ ባትገዢልኝ ኖሮ» ስላት ወደ ጓዳ አልገባችም፤ «ስንት ብር እንደነበረች ታስታውሳለህ?» ብላ ቁጭ አለች። ስጦታ ስታመጡ ማን እንደሚያበስለው፣ ማን እንደሚያጥበው አስቡ። ከምትሠራው ውስጥ አንዱን ውሰዱና አትመልሱላት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ደብተሩን ስናነብላት ዝም ብላ ሰማች፤ ሁሉንም ተቀበለች። የሴቶች እድሩ ላይ ስንደርስ ግን ተቆጣች። «ክፍያውን እኔ እይዝልሻለሁ፣ ስብሰባውም ይቅርብሽ» ያላት ወንድሜ ነበር። «እድሩ ምን አደረገህ? እዚያ እኮ ገንዘብ ያዥ ነኝ! ሰው ሁሉ ቃሌን የሚጠብቅበትን ቦታ ነው የምትወስድብኝ?» አለችው። እሱም እስክሪብቶ አንሥቶ ሰረዘው። በወሩ መጨረሻ እሑድ የእድር ስብሰባ አላት፤ በዚያ ቀን ማናችንም ለምሳ አንጠራትም።