ዲኤክሷ መንዝ ስትደርስ ለምን ትቆራረጣለች?

አዲስ አበባ ላይ ደህና የነበረች አሮጌ ዲኤክስ መሐል ሜዳ ስትደርስ እየተቆራረጠች ጥቁር ጭስ ከተፋች፣ «ሞተር ይውረድ» ከመባላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከአዲስ አበባውም ይሳሳል፤ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸርማ ሩብ ያህል ይጎድላል። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደለመደው ያፈሳል። ካንዴላ ፍቱና እዩ፤ በደረቅ ጥላሸት ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አራግፉ (የመንዝ አቧራ ቀላል እንዳይመስላችሁ)፤ ካልተሻላት ካርቡሬተሩን መካኒክ ያስተካክለው።

ጠዋት በውርጭ አልነሳ ካለች ደግሞ ጆሮ ስጧት። ሞተሪኖው ጠቅ ብቻ ካለ ወይም እየደከመ ካዞረ ባትሪውን ጠርጥሩ፣ ብርድ ያደክመዋል። በደንብ እያዞረ ካልነሳች ግን ወይ እሳት ወይ ቤንዚን የለም።

ወደ ጀማ ሸለቆ ስትወርዱ ካርቡሬተሩ መልሶ ይስተካከል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ቆላ ላይ ይግላል።