የሚከራይ መኖሪያ ቤት በአዲስ አበባ

በአዲስ አበባ ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘት አሁን ባለው መልኩ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት አደረገ፤ ቤተሰብ ከሚኖርበት ቤት ውጪ ያለውን ሁሉ ወረሰ፤ የግል አከራይና ተከራይ የሚባል ግንኙነትም በሕግ ቀረ። የቀበሌ ቤት የተወለደው ከዚያ ነው። ከ1983 ዓ.ም በኋላ የግል ኪራይ ተመለሰ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ደግሞ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ጭምር አከራይ እንዲሆን በር ከፈተ። መሬቱ ዛሬም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገዢ የሚያገኘው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው፤ ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ ያልተከፈለው የሊዝ ዕዳም አብሮ ይተላለፋል።

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በስሌቱ ነው። ለምሳሌ ያህል በ6 ሚሊዮን ብር የተገዛ ቤት በወር 30,000 ብር ቢከራይ የዓመቱ ገቢ 360,000 ብር፣ ማለትም ከዋጋው 6 በመቶ ነው። ተከራይ እስኪገኝ አንድ ወር ባዶ ቢያድር 30,000 ብር ይቀነሳል። ለደላላ፣ ለቀለም፣ ለቧንቧ፣ ለጥበቃና ለጽዳት ሌላ 30,000 ቢወጣ ከግብር በፊት የሚተርፈው 300,000፣ ማለትም 5 በመቶ ይሆናል። ለስም ማዛወሪያ የሚከፈለው 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ብቻውን 120,000 ብር ነው፤ ይህም የአራት ወር ኪራይ ይበላል። ብሔራዊ ባንክ ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ለቁጠባ ዝቅተኛ አድርጎ የወሰነው ወለድ 7 በመቶ ስለነበር፣ በእንዲህ ያለ ዋጋ የተገዛ ቤት በኪራዩ ብቻ ሲለካ ከቁጠባ ደብተር ያንስ ነበር።

ሰው ይህን እያወቀ የሚገዛው ብር ዋጋ ሲያጣ ቤት ዋጋውን ይጠብቃል ብሎ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ እምነት በርትቷል። እምነቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሆኖም የዋጋ ጭማሪ እጅ የሚገባው ቤቱ ሲሸጥ ነው፤ የባንክ ብድር ግን በየወሩ ይጠየቃል። በብድር የሚገዛ ሰው ኪራዩ የወሩን ክፍያ ካልሸፈነለት ልዩነቱን ከደመወዙ ለስንት ዓመት መሙላት እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ስሌቱን ይበልጥ ያጠበቀው በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። በአዋጁ መሠረት ውል በጽሑፍ ይደረጋል፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ስለዚህ የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ የግዢ ዕዳ መዝጋት አይቻልም። ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ከሁሉም ይልቅ ጀማሪውን የሚነካው የጭማሪው ነገር ነው፤ አከራይ እንደ ፈቀደ መጨመር አይችልም፤ ጭማሪ የሚኖረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ውል ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሚቀጥሉትን ዓመታት ሁሉ ይወስናል። ተከራይ ቶሎ ይግባ ተብሎ በርካሽ የተፈረመ ውል በኋላ በቀላሉ አይስተካከልም። አካባቢው ከሚሸከመው በላይ የተጠየቀ ኪራይ ደግሞ ቤቱን ባዶ ያሳድራል። እንግዲህ የሠፈሩን ኪራይ በደላላ ወሬ ሳይሆን እዚያው ከሚኖሩ ተከራዮች ጠይቆ መረዳት ይገባል።

ቤቱ ሲመረጥ ከስፋቱ ይልቅ ውኃው ይቀድማል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ግፊት የማይደርሰውና ሮቶ የሌለው ከሆነ ተከራይ አይበረክትለትም። የመብራት ቆጣሪው ለብቻ መሆኑ፣ ታክሲ ወይም አውቶብስ በቅርብ መገኘቱም እንዲሁ ይታያል። ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ለነጠላ ሠራተኛና ለአዲስ ተጋቢ ይስማማል፤ ባለ ሦስት መኝታ የሚፈልገው ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባ ቤተሰብ ስለሆነ ቶሎ አይለቅም። ደረጃው፣ ጣሪያውና የፍሳሽ መስመሩ የጋራ በመሆናቸው የሕንፃው ማኅበር ጥንካሬም መጠየቅ አለበት፤ ማኅበሩ ደካማ ከሆነ የጣሪያ ፍሳሽ ለላይኛው ፎቅ ባለቤት ብቻ ይተዋል።

ከመክፈል በፊት ካርታው በሻጩ ስም መሆኑ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩ ይጣራል። የሽያጭ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ መፈረም አለበት፤ ስሙ ካልተዛወረ ገዢው በሦስተኛ ወገን ፊት ባለቤት አይደለም። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ለአምስት ዓመት መሸጥ አይፈቀድም። አንዳንዶች ይህን ገደብ በውክልና ሊያልፉት ይሞክራሉ፤ ሻጩ ውክልናውን ቢሽር ወይም ቢሞት ግን ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ቤት አልባ ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ ከዚህ የከፋ አደጋ የለም።

የኪራይ ገቢ ግብር በሠንጠረዥ "ለ" ሥር ከደመወዝ ተለይቶ ይሰላል፤ ለግለሰብ ምጣኔው በየደረጃው እያደገ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በ2017 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1395 ስለተሻሻለ፣ ከግብር ነፃ የሆነውን መጠንና ተቀናሽ ወጪዎችን ከአዲሱ ሠንጠረዥ ማየት ያስፈልጋል። የኪራዩ ክፍያ በባንክ ስለሚያልፍና ውሉ ስለሚመዘገብ የገቢው ማስረጃ ሁልጊዜ አለ፤ የጥገና ደረሰኝን በየወሩ ማስቀመጥ ደግሞ የአከራዩ ድርሻ ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም መታወቂያቸውን ይዘው ቤት መግዛት ይችላሉ፤ አዋጅ ቁጥር 270/1994 በውጭ ዜጎች ላይ የነበረውን ገደብ አንሥቶላቸዋል። ማከራየቱ የሚከናወነው ግን በወኪል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው ቤቱን ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየትና ኪራይ መሰብሰብ ይችላል፤ ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። የሁለት ዓመት የኪራይ ውል በጠቅላላ ውክልናው ስለሚሸፈን፣ የመሸጥ ሥልጣን ጨምሮ መስጠት አያስፈልግም።