የቮልስ ዋጋ ከኋላ መቀመጫው ሥር ነው

በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚገዛ ነጋዴ ጆንያው ተፈቶ እፍኝ ዘግኖ ሳያይ ሒሳብ አይከፍልም። የወልዲያው መንገድ ከጎንደሩ በሚገነጠልባት ወረታም ይሁን በአዲስ አበባ፣ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ግን በቀለምና በደላላ አንደበት የሚረታበት ጊዜ አለ።

ጉዳቱ በቮልስ ላይ ይጎላል። ፋብሪካዎቹ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስላመረቱ ቮልስነቱ ብቻ ብርቅ አያሰኘውም። ዋጋ የሚጨምርለት የተሠራበት ዘመን ነው። «የስልሳዎቹ ነው» ተብሎ የተሸጠው የሰባዎቹ ሆኖ ከተገኘ ትርፉ የሻጭ፣ ኪሳራው የገዢ ነው።

ዳኛው ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ ባትሪው አጠገብ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ነው። ከ1965 እስከ 1969 ሞዴል ቁጥሩ ዘጠኝ አሃዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓይነቱን፣ ሦስተኛው ዓመቱን ይናገራሉ። በ118 የሚጀምረው የ1968 ሞዴል ነው። ከ1970 ሞዴል ወዲህ አሃዙ አሥር ሆኗል።

ከዚያ በላይ ማስረጃ ለሚሻ፣ ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን ሙዚየም ከፋብሪካው መዝገብ የተመረተበትን ቀንና የመጀመሪያ ቀለሙን አውጥቶ በክፍያ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። አሜሪካውያንም ከ1967 ሞዴል ወዲህ ላለ አሮጌ ሙስታንግ ከፎርድ መዝገብ የወጣ ወረቀት ይጠይቃሉ።

ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ድርድሩ እዚያው ይቁም። ቀብድ ከመስጠት በፊት መቀመጫ ማንሳት የደቂቃ ሥራ ነው።